የባሩድ ጢም

«ወይ የዚያ ሰውዬ ጢም ይላጫል፣ ወይ እሷ ከቤቴ ትወጣለች። አለቀ።»

ደራሲዋ ይህን የሰማችው አፏ በጥርስ ሳሙና አረፋ ተሞልቶ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጎንበስ እንዳለች ነው። መታጠቢያ ቤቱን ከአጎቷ መኝታ ቤት የሚለየው ኮምፔንሳቶ ነው፤ ለነገሩ የአጎቷን ድምፅ ኮምፔንሳቶም ሆነ ድንጋይ አያቆመውም። ሚስቱን «ጨው አቀብዪኝ» ሲላት ሦስተኛው ቤት ያለ ሰው እጁን ወደ ጨው ይሰዳል። ደራሲዋ ቧንቧውን ዘጋችና የአጎቷ ሚስት የምትሰጠውን መልስ ጠበቀች። እትዬ ነው የምትላት፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት። ቆይቶ ቆይቶ የመጣው መልስ ሁልጊዜ የሚመጣው ነበር፤ «ሻይህ ይቀዘቅዛል።»

ነገሩ የጢም ነገር ነው። አጎቷ ከጆሮ ግንዱ ተነስቶ፣ ጉንጩን ሁሉ አልብሶ፣ አገጩ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቀጥ የሚል ጥቅጥቅ ያለ ጢም አለው። አገጩንና የላይ ከንፈሩን በየማለዳው ሙልጭ አድርጎ ስለሚላጭ፣ ፊቱ በሁለት የጫማ ብሩሽ መካከል የተያዘ ይመስላል። ሲቆጣ መጀመሪያ የሚቆጡት እነሱ ናቸው። መንጋጋው ሲንቀሳቀስ ብሩሾቹ ይነሳሉ፣ ከዚያ አፉ ይከፈታል፣ ከዚያ እግር ያለው ሁሉ ይሸሻል። የሰፈሩ ሰው «ባሩድ» ይለዋል፤ ድሮ በሌለበት፣ አሁን አሁን ፊት ለፊት። ደራሲዋ ደግሞ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የሚታይ ተከታታይ ድራማ ትጽፋለች። ድራማው ውስጥ «ፍሙ» የሚባል፣ እሳት ጎርሶ እሳት ለብሶ የሚውል የአውቶቡስ ሹፌር አለ። ስትጽፈው ጢም አልሰጠችውም ነበር። ዳይሬክተሩ ነው «አፉን ሳይከፍት ቁጡ መሆኑን ተመልካች በምን ይወቅ?» ብሎ የጠየቃት፤ እሷም ሳታስበው ሁለት መዳፏን ሁለት ጉንጯ ላይ ለጠፈች። እጇ የከዳት ያን ጊዜ ነው። አጎቷ መጀመሪያ ላይ ኮርቶ ነበር። «ይህ ሰው ወንድ ነው» እያለ ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ እያስጠጋ ያይ ነበር። ቆይቶ ግን፣ ፍሙ በተቆጣ ቁጥር ከየጎረቤቱ ቤት የሚሰማው ምን እንደሆነ ገባው፤ ሳቅ ነው።

አፏን ተጉመጥምጣ ወጣች። ከዚህ ቤት ብትወጣ የት እንደምትገባ አስቀድማ ታውቀዋለች፤ የትም። ለአንዲት ጠባብ ክፍል የሚጠየቀው ኪራይ ከድራማው ከምታገኘው ላይ ሲነሳ የሚተርፋት የአውቶቡስ መሳፈሪያ ነው፣ ያውም መሄጃው ብቻ። ማድቤት ስትገባ እትዬ ድመቷን እግሯ ሥር አስተኝታ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ቀጭን፣ ዝግ ያለች፣ ወንበር ላይ እንኳን ስትቀመጥ ወንበሩን ላለማስቸገር የምትጠነቀቅ የምትመስል ሴት ናት። የድንቹ ልጣጭ ሳይበጠስ እንደ ሪባን እየተጥመለመለ ጭኗ ላይ ወደዘረጋችው ጋዜጣ ይወርዳል። አጎቷ የውጭውን በር አንጓግቶ ሲወጣ ሁለቱም ቀና አላሉም።

«ሰማሽው አይደል?» አለች ደራሲዋ።

«ሰፈሩም ሰምቷል።»

«ምን ይሻላል፣ እትዬ?»

እትዬ ድንቹን አገላብጣ አየችና አንድ ጥቁር ነጥብ በቢላዋው ጫፍ ፈልቅቃ አወጣች። «ቁርስሽን ብዪ» አለቻት። ደራሲዋ በሆዷ «ይህች ሴት አንድ ቀን እንኳን ወገኔ ሆና አታውቅም» ብላ ቅር እያላት ዳቦዋን እያኘከች ወጣች።

የአጎቷ ጎሚስታ ቤት ከዋናው መንገድ ዳር ነው፤ ፊት ለፊቱ ያረጁ ጎማዎች ተደራርበው እንደ አጥር ቆመዋል፣ አንድ የተቆረጠ በርሜል ውስጥ የካላማዳሪያ ቀዳዳ የሚፈለግበት ጥቁር ውኃ ሞልቷል፣ ማስቲሹና የተቃጠለው ጎማ ተጋግዘው አፍንጫ ይሰነፍጣሉ። ደራሲዋ አጎቷን ልትለምን ስትደርስ አንዲት ነጭ መኪና ቆማ አጎቷ ጎማዋ ሥር ቁጢጥ ብሏል። ባለመኪናው ሸሚዙን በሱሪው የከተተ ጎልማሳ ነው፤ ሚስቱ ከውስጥ ሆና መስኮቱን አውርዳ ስልኳን አጎቷ ፊት ላይ አነጣጥራለች። አጎቷ ጎማውን ዳሰሰ፣ አንኳኳ፣ ምራቁን እንትፍ ብሎ የነፋስ መግቢያው ላይ ቀባና አየ። ምንም አረፋ አልወጣም።

«ይህ ጎማ ምን ሆነ ነው የምትለው?»

«እኔ እንጃ፣ ጋሼ፣ እንዲሁ ቅር አለኝ» አለ ባለመኪናው፣ ከንፈሩን ነክሶ።

ብሩሾቹ ተነሱ። «ጎማህ ጤነኛ ነው» ብሎ ጮኸ አጎቷ፣ «የታመመው ሌላ ቦታህ ነው። እኔ የማስታምመው ጎማ ነው። ውሰድልኝ ይህን ጣሳህን ከፊቴ።» ባለመኪናው በሳቅ ሆዱን ይዞ መኪናው ላይ ተደገፈ። ሚስቱ ከውስጥ «ጥሩ አልገባም፣ ጣሳህን የሚለውን ይድገሙልን» አለች። አጎቷ ጣቱን ወደ ሰማይ እንዳቀና ቀረ። ከዚያ ጣቱ ራሱ ያፈረ ይመስል ቀስ እያለ ወረደ። ባለመኪናው ላልተነፋ ጎማ ከነጉርሻው ከፍሎ፣ «ፍሙን በአካል ለማየት ከከተማው ወዲያ ማዶ ድረስ ነው የመጣነው» ብሎ አመስግኖ ሄደ። ዓመታት አብሮት የሠራው ረዥሙ ሠራተኛ ብሩን እያጣጠፈ፣ «ጋሼ፣ እንደዚህ ገበያ ደርቶልን አያውቅም እኮ» አለ፤ በቅንነት ነው ያለው። አጎቷ ጎማ ላይ ተቀመጠና ደራሲዋን ከእግር እስከ ራሷ አያት።

«አየሽ?»

«አየሁ፣ ጋሼ።»

«ትናንት የትራፊክ ፖሊሱ መጣ። መንገድ ዘጋህ ብሎ ሊከሰኝ። ጮህኩበት። ምን ያደረገ ይመስልሻል? አቅፎኝ ፎቶ ተነሳ።» ጉንጩን በመዳፉ ቁልቁል አሻሸ። «ስንት ዘመን ከዚህ ቤት አንዲት ብሎን ጠፍታ አታውቅም። ለምን? ይፈሩኛላ። ዱቤ በልቶ የሸሸኝ የለም። ዛሬ ማን ይፈራኛል? እኔ ባሩድ አይደለሁም አሁን። ርችት ነኝ። ሕፃን ይዘው መጥተው የሚያዩኝ ርችት።»

ደራሲዋ ርችት የሚለውን ስትሰማ ሳቅ መጣባት። ከንፈሯን ነክሳ ፊቷን ወደ በርሜሉ አዞረች፤ ግን ዘገየች።

«አንቺም?» አላት።

በዝግታ ነው ያለው። ጩኸቱን ከልጅነቷ ጀምሮ ለምዳዋለች፣ ከጩኸቱ በታች ሆና የቤት ሥራዋን ሠርታለች፣ ፈተና አልፋለች። ይህን ድምፅ ግን አታውቀውም። ይቅርታ ልትለው አፏን ስትከፍት እሱ ተነስቶ መዶሻውን አንስቷል። «ማታ ስገባ ወይ የሰውየው ጢም፣ ወይ ያንቺ ሻንጣ» አለና አንድ ምንም ያላጠፋ የብረት ቸርኬ መደብደብ ጀመረ።

ድራማው የሚቀረጸው አንድ የተከራዩት ቤት ውስጥ ነው። ሳሎኑ የፍሙ ሳሎን ሆኗል። አንዱ ግድግዳ ካርቶን ነው፣ መስኮቱ ተስሎ ነው፣ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ያሉት መጻሕፍት ጀርባ ብቻ እንጂ ሆድ የላቸውም። ተዋናዩ መስታወት ፊት ተቀምጦ ጢሙ እየተለጠፈለት ነው። ከጢሙ ውጭ ሲታይ ትከሻው የወደቀ፣ በር ላይ ሰው ሲያገኝ ራሱ ወደኋላ የሚመለስ፣ «እባክዎ» ሳይል ውኃ የማይጠይቅ ሰው ነው። ዳይሬክተሩ ደራሲዋን አዳመጣት፤ አዳምጦ ሲጨርስ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የድራማውን ማስታወቂያ በእጁ አሳያት።

«ምን ይታይሻል?»

«ጢም።»

«ፊት አለው?»

ፊት አልነበረውም። ሁለት የጎንዮሽ ጢም ብቻ ነው ተስሎ ያለው፣ መሐሉ ባዶ። «ሰዓሊውን ፊቱን እንዳትሠራው ያልኩት እኔ ነኝ» አለ ዳይሬክተሩ። «ድሮም ቁጡ ሰው በድራማ ላይ በምን ይታወቃል? በጉንጩ። ልስልስ ያለ ጉንጭ ይዞ ቢጮህ ተመልካቹ ጥርሱን አሞት ነው የሚለው። አጎትሽን እኔ አክብሬ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ፤ ጢሙ ግን ንክች አይደረግም።»

ተዋናዩ ከመስታወቱ ሳይዞር ጉሮሮውን ጠረገ። «እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና እኔም አንድ ነገር ልበል? አከራዬ ውኃ ዘግታብኝ ነበር። ለምኜ ለምኜ እምቢ አለች። ባለፈው ቀረጻ አምሽተን ጢሙን ሳልነቅለው ገባሁ። እንደ ሁልጊዜው ‹እባክዎ› ነው ያልኳት። ውኃው ያኔውኑ መጣ።» ትንሽ አሰበና፣ «አሁን ጎረቤቶቼም ቀድመው ሰላም ይሉኛል» ብሎ ጨመረ፤ ጢሙን ለምትለጥፍለት ሴት ግራ ጉንጩን አመቻችቶ ሰጣት።

ደራሲዋ ነገሩ ማለቁ ገባት። የሐሰቱ ሳሎን ሶፋ ላይ ወደቀች። ሶፋው ላይ የፍሙን ሚስት ሆና የምትጫወተው ተዋናይት ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች፤ ዕድሜዋ የገፋ፣ ክብደቷንም ምላሷንም የማትደብቅ ሴት ናት። መርፌዋን ሳታቆም፣ «የጢሙን ጉዳይ ከጨረስሽ የእኔን እናንሳ» አለች።

«ያንቺ ምኑ?»

«ይህ ድራማ ከተጀመረ አንስቶ አፌ የተከፈተው ለምን ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ‹ሻይህ ይቀዘቅዛል።› አንዳንዴ ሻዩ ሾርባ ይሆናል። በቃ። ባሌ ማታ ስገባ ‹ዛሬስ ምን ቀዘቀዘ?› እያለ ይቀልድብኛል። ቀልዱን ተይው። እኔ የጨነቀኝ እሱ ሲጮህ ካሜራው ወደ እኔ ሲዞር ነው። ምን ፊት ላሳይ? ይህች ሴት ሞኝ ናት? ፈሪ ናት? ትወደዋለች? እሱ እንደዚያ ሲወርድባት በሆዷ ምንድን ነው የምትለው? ንገሪኝና ልጫወተው።»

ደራሲዋ ለፍሙ ገጽ ሙሉ ስድብ ጽፋለታለች፣ ለአውቶቡሱ እንኳን ባሕርይ ሰጥታዋለች፣ ሽቅብ ሲወጣ የሚያስለው ሳል ሳይቀር። ለሚስቱ የጻፈችው ግን ከኮምፔንሳቶው ወዲያ የሰማችውን የእትዬን ቃል ነው። በዚያች ሴት እጅ ታጥባለች፣ በዚያች ሴት እጅ ጸጉሯን ተሠርታለች፣ ሲያተኩሳት አጠገቧ ያደረችው ያቺ ሴት ናት። «አላውቅም» አለች መጨረሻ ላይ። ተዋናይቱ ሹራቧን ጭኗ ላይ አድርጋ አየቻትና፣ «እንግዲያ ጠይቂያታ» አለች፤ ማንን እንደሆነ የነገራት ሰው የለም።

ቤት ስትገባ እትዬ ከገመድ ላይ አንሶላ እያወረደች ነበር። ደራሲዋ ቦርሳዋን ደጃፉ ላይ ጣለችና የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዘች። ሁለቱም ወጠሩት፣ አራገፉት፣ ተጠጋግተው ጫፍ ከጫፍ አገጣጠሙ፣ እንደገና ተራራቁ። እትዬ ሥራ ስትሠራ ማውራት አትወድም፤ ወይም ደራሲዋ እስከዛሬ እንደዚያ ይመስላት ነበር። ሁለተኛውን አንሶላ ሲጀምሩ ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ ጋሼ ሲጮህብሽ በሆድሽ ምንድን ነው የምትዪው?»

አንሶላው መሐላቸው እንደተወጠረ ቆመ። «ለጽሑፍሽ ነው?»

«ለጽሑፌም ነው። ለራሴም ነው።»

እትዬ ወደ አጥሩ አየች፣ ወደ ማድቤቱ አየች፣ ከዚያ ጫፉን ይዛ መጣችና አጣጥፋ ቆመች። «መጀመሪያ መጀመሪያ እፈራ ነበር» አለች። «ከዚያ ሰለቸኝ። አሁን እሱ ጩኸት ሲጀምር እኔ ዕቃ መሸጥ እጀምራለሁ።»

«ምን?»

«በሐሳቤ ነዋ። ሶፋውን አስወጣለሁ። ገዢ አመጣለሁ፣ እከራከራለሁ፣ ርካሽ አልሸጥም። ቴሌቪዥኑን፣ ምንጣፉን፣ አልጋውን ከነፍራሹ። ድምፁ ከፍ ሲል እኔም ዋጋ ከፍ አደርጋለሁ። እሱ ሲጨርስ ቤቱ ባዶ ነው፤ እኔ ቦርሳዬን ይዤ መሐል ወለሉ ላይ ቆሜያለሁ። ደስ ይላል፣ ባዶ ቤት። ድምፅ ያስተጋባል።» አንሶላውን በመዳፏ ደለደለችው። «ከዚያ ‹ሻዬስ?› ይላል። ያን ጊዜ ሁሉንም መልሼ መግዛት አለብኝ። የሚከብደኝ ጩኸቱ እንዳይመስልሽ፤ መልሶ መግዛቱ ነው።»

ደራሲዋ፣ «እሱንስ ሸጠሽው ታውቂያለሽ?» አለች።

«ሞክሬያለሁ» አለች እትዬ፣ ፊቷ ሳይለወጥ። «ጢሙን ያየ ሁሉ ዋጋ ይሰብርብኛል።»

ደራሲዋ ሳቀች። ሳቋን ልታቆም ስትል እትዬ ራሷ ጀመረች፤ ድምፅ የሌለው፣ ትከሻ ብቻ የሚያንቀጠቅጥ ሳቅ ነው፣ ብዙ ዘመን ተደብቆ የተሳቀ እንደሆነ ያስታውቃል። ደረጃው ላይ አንሶላውን ታቅፈው ተቀመጡ። እትዬ ዓይኗን በአንሶላው ጫፍ ጠረገችና፣ ሳቋ ሲያልፍላት፣ «ይህን እንዳትጽፊው» አለች። ከዚያ፣ «ወይም ጻፊው። ሶፋውን ግን በርካሽ እንዳታስወጪብኝ» አለች። ደራሲዋ ዳይሬክተሩ እምቢ ማለቱን፣ አሁን ሻንጣዋን ማዘጋጀት እንዳለባት ስትነግራት እትዬ ሦስተኛውን አንሶላ አንስታ ጫፉን ወረወረችላት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩ ተንኳኳ። አጎቷ በር አያንኳኳም፤ ከመንገዱ ጥግ ጀምሮ ይጣራል። ስለዚህ ሁለቱም ሌላ ሰው መሰላቸው። እትዬ ሄዳ ከፈተች፤ ደራሲዋ ከሳሎኑ መስኮት አየች። በሩ ላይ የአጎቷን የሥራ ቱታ የለበሰ፣ የአጎቷን ቁመት የያዘ ሰው ቆሟል። ጉንጮቹ ራቁታቸውን ናቸው። ፀሐይ አይታቸው ስለማታውቅ ከሌላው ፊቱ ነጥተው ግድግዳ ላይ ሥዕል የተነቀለባቸው ሁለት ቦታዎች መስለዋል። ያለ ጢሙ አፉ ከሚታወቀው ይልቅ አነስ ብሏል። አገጩ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ደራሲዋን ያስደነገጣት ግን ሌላ ነው። በዚያ ባዶ ጉንጭ ላይ እናቷን አየቻት፤ ያው አጥንት፣ ያው ሊያለቅስ ያለ የሚመስል ጎድጓዳ። እናቷ የዚህ ሰው እህት መሆኗን ስታውቅ ነው የኖረችው፤ ስታየው ግን ገና ዛሬ ነው።

እትዬ በሩን እንደያዘች አልተንቀሳቀሰችም። «ማንን ፈለጉ?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«አንቺ ሴትዮ፣ አትቀልጂ። ባልሽ ነኝ።»

«የቤቱ ባለቤት አልገባም» አለች እትዬ። «እሱ ሲመጣ ከሩቅ ይሰማል። እርስዎ በኋላ ብቅ ይበሉ።»

ሰውየው አየር ስቦ ደረቱን ነፋ። ጎረቤቶቹ በየበራቸው ብቅ ብቅ ማለት ጀምረዋል፤ አንዷ የምትቀዳውን ውኃ ረስታ ባልዲው ይፈሳል። ግራና ቀኝ አየ። እጁ ወደ ጉንጩ ሄደች፣ የምትፈልገውን አጣች፣ ተመለሰች። የሳበው አየር በአፍንጫው ወጣ።

«ልግባ» አለ።

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷ ምን ሆነች?»

«ከቤቴ ትወጣለች ምናምን ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ጠዋት።»

አንድ ነገር አጉረመረመ። እትዬ ጆሮዋን ወደፊት አዘነበለች። «አልሰማሁም» አለች። በዚያ ቤት ታሪክ እሱ ተናግሮ ያልተሰማ ነገር ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«ትቀመጥ አልኩ» አለ። «ቤቷ ነው።»

እትዬ በሩን ለቀቀች። ገብቶ ሳሎን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ እንደ እንግዳ ጫፉ ላይ። ሳይጠየቅ ተናገረ፣ ወለሉን እያየ። ጢሙን ይውሰደው፣ ለዚያ ሰውዬ ይሁንለት ብሎ እልህ ይዞት ነው ከጎሚስታው ወጥቶ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ የገባው። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ይዞ ደጋግሞ «እርግጠኛ ነዎት?» አለው። ተላጭቶ ወደ ሥራ ቦታው ሲመለስ ረዥሙ ሠራተኛ «ምን ልታዘዝ፣ አባባ?» ብሎ ተቀበለው። በመንገድ ላይ አንድም ሰው አልሳቀበትም። «አንድም ሰው ግን አላየኝም» አለ፤ ይህን ሲል ድምፁ ጠዋት ጎሚስታው ጋ «አንቺም?» እንዳላት ጊዜ ሆነ። እትዬ ዝም አለች፣ ግን የበፊቱ ዓይነት ዝምታ አይደለም፤ ሶፋው ላይ ጀርባዋን ለቃ፣ እግሯን ዘርግታ ነው ዝም ያለችው።

መሸት አለ። አጎቷ ወደ ማድቤቱ አየ፣ ወደ ሚስቱ አየ። «እራት የለም እንዴ?»

«ድስቱ ውስጥ ነው» አለች እትዬ። አልተነሳችም።

ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ ተነስቶ ገባ። መብራት ፍለጋ ግድግዳ ሲዳብስ ተሰማ። መሳቢያ ተከፈተ፣ ማንኪያ ተንኳኳ፣ ተዘጋ። ቁም ሳጥን ተከፈተ፣ አንድ ክዳን ወድቆ እየተሽከረከረ ብዙ ጮኸ። «ሳህን የት ነው?» አለ ከውስጥ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ደራሲዋ ልትነሳ ስትል እትዬ እጇን ጉልበቷ ላይ አሳረፈችባት። «ተይው» አለች፣ «ቤቱ ነው፣ ይፈልገው።» ቆይቶ ድስቱን በአንድ እጁ፣ ሦስት ሳህን በሌላው አቅፎ ብቅ አለ። ሦስት በማምጣቱ ራሱ ትንሽ የኮራ ይመስላል። ከሦስቱ አንዱ፣ ጠርዙ የተሸረፈው፣ ከታችኛው መደርደሪያ የመጣ የድመቷ ሳህን ነው፤ ሁለቱም ሴቶች አይተውታል፣ አንዳቸውም አልተነፈሱም። እትዬ ሳህኖቹን ተቀብላ በየሰዉ ፊት አደለቻቸው። የድመቷን ለእሱ አደረገችው።